የኮምቦልቻ ልጆች በዚህ በኩል

መርፌው ገላውን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ልጁ ከአልጋው ዘሎ ወረደ። በአንድ እጁ ሱሪውን፣ በሌላው የሐምዲያን አንጓ ያዘ።

«ሲስተር፣ በአላህ ይሁንብሽ አትውጊኝ!»

«እጄን ልቀቅ! መድኃኒቱ ይደፋል።»

«አልወጋም። ወረቀቱን ብቻ ጻፊልኝ።»

«የምን ወረቀት?»

«ጨብጥ አለበት የሚል። ማኅተም ያለው።»

ሐምዲያ ሲሪንጁን ወደ ላይ አንስታ ልጁን አየችው። ቢበዛ አስራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ጨብጥ የያዘውን ሰው ፊት ሃያ ዓመት አይታዋለች፤ ሽንት በመጣበት ቁጥር ግድግዳ የሚቧጥጥ፣ መርፌ ለምኖ የሚወጋ ሰው ፊት ነው። የዚህ ልጅ ሱሪ በመግል ተበላሽቷል፤ ፊቱ ላይ ያለው ግን ሎተሪ የወጣለት ሰው ደስታ ነው።

«መድኃኒቱን ሳትወስድ ወረቀቱ ምን ያደርግልሃል?»

«ለምልመላው ነዋ!»

«ማነው ደግሞ እንዲህ ያለህ?»

ልጁ ሳቀ። «አንቺ ነሻ! አዳራሽ ውስጥ ቆመሽ ስትናገሪ እኮ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ።»

ሱሪውን እየታጠቀ ወጣ። ደጅ የሚጠብቁት ጓደኞቹ «ጻፈችልህ?» ሲሉት ተሰማት። ሐምዲያ መርፌውን እንደያዘች ቀረች። በዚያ ሳምንት ከመርፌ የሸሸ አራተኛው ልጅ ነበር። ለምን እንደሚሸሹ የነገራት ግን የመጀመሪያው እሱ ነው።

ሚያዝያ 1980 ነበር።

ሐምዲያ አብዱልሐሚድ የደሴ ልጅ ናት። አያቷ ከየመን ተሻግረው የመጡ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ አባቷም ፒያሳ ላይ ከዚያው ሱቅ ሳይወጡ አረጁ። ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ትልቋ ጣይባ በአስራ ስድስት ዓመቷ ተዳረች። ታናሿ ሐምዲያ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ የድሬሰርነት ኮርስ ልግባ ስትል አባቷ ሦስት ቀን አላናገሯትም። በአራተኛው ቀን «የወንድ ቁስል ልታጥቢ?» አሏት። «የሰው ቁስል ነው፣ አባባ» አለች። ገባች።

በሃያ ሦስት ዓመቷ አገባች፣ በሃያ ስድስት ፈታች። ባሏ ወይ ሥራውን ወይ እኔን ምረጪ ብሏት ነበር፤ ምርጫው ብዙ ጊዜ አልወሰደባትም። በ77ቱ ድርቅ ባቲ መጠለያ ውስጥ ስድስት ወር ሠራች። እዚያ አንድ ነገር ተማረች፦ በለሰለሰ ቃል የሚድን ሰው ጥቂት ነው፤ ጮኾ ማዘዝ ይሻላል። ይህን ይዛ ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ተመደበች። ያን ጊዜ አርባ ዓመት ሊሞላት ሁለት ዓመት ይቀራት ነበር።

ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ ከተማ ነው። የጭነት መኪና ሾፌሩ እዚያ ያድራል። ወታደሩ ወደ ሰሜን ሲወጣም ሲመለስም እዚያ ይጠጣል። ፋብሪካው ከየገጠሩ ሴት ልጅ ይጠራል፣ ሁሏንም ግን አይቀጥርም፤ ያልተቀጠረችው ወደ አገሯ ላለመመለስ መጠጥ ቤት ትገባለች። ጨብጡ፣ ቂጥኙ፣ ከርክሩ በዚሁ መስመር ይመጣል። ኤድስ የሚባለው ነገር ያኔ ገና በሬዲዮ የሚሰማ የሩቅ አገር ወሬ ነበር።

ሐምዲያ ደንብ ነበራት። መጀመሪያ መርፌ፣ ከዚያ ጥያቄ፣ ከዚያ ስድብ።

«ከማን ያዝከው?»

«አላውቃትም ሲስተር።»

«ሱሪህን ስትፈታ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር?»

ልጁ ሳይወድ ስም ይሰጣል። ስሙን የትም አትጽፈውም፤ ቤቱን ጠይቃ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄዳ ሴቲቱንም ትወጋለች። ከተማው ስለዚህ ሥራዋ የሚያወራው ብዙ ነው። እሷ ግን ያልተወጋ ሰው ከክፍሏ አስወጥታ አታውቅም፤ የምትኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር።

የካቲት ላይ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ወጣቱን ስለ አባላዘር በሽታ አስተምሩ ይላል። ከደብዳቤው ጋር አራት ካርቶን ኮንዶምና አንድ ጥቅል ሥዕል ነበር። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ለኮርስ አዲስ አበባ ስለሄደ ማኅተሙም ትምህርቱም ሐምዲያ እጅ ላይ ወደቀ።

አዳራሹን የሞላላት የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር ኑርሁሴን ነው። አሞላሉ ቀላል ነበር፤ ያልመጣ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አይወስድም። ሴቶቹ በግራ ወንዶቹ በቀኝ ተቀመጡ። ኑርሁሴን ሐምዲያን ወደ ጥግ ሳብ አደረጋት። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው።

«ጓዲት ሐምዲያ፣ ስሙን እንዳትጠሪው። ሽማግሌዎች አሉ።»

«የምኑን ስም?»

«የ... የዚያን ነገር።»

«በሽታው የሚይዘው እሱን ነው። ጆሮ ነው ልበላቸው?»

«ኮንዶሙንም አታውጪው። ሼኾቹም ቄሶቹም ይነሱብኛል። መጋዘን ይቀመጥ።»

«መጋዘኑ ጨብጥ አይዘውም፣ ጓድ ኑርሁሴን።»

ኮንዶሙ መጋዘን ቀረ። ኑርሁሴን «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!» አለ፣ አዳራሹ ግራ እጁን አንስቶ መለሰለት፣ ሐምዲያም ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ስሙን ጠራችው። ሴቶቹ በሻርፓቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወጡ።

«ሲስተር፣ ሥዕሉን ከፍ አድርጊው! ከኋላ አይታይም!»

«የራስህን እይ!» አለው ሌላው፣ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

መግሉን ነገረቻቸው፣ ሳቁ። ቁስሉን ነገረቻቸው፣ ሳቁ። በሽታው ካልታከመ ያመክናል አለች።

«እሱስ ወጪ ይቀንሳል ሲስተር!»

እዚህ ላይ ተናደደች። ባቲ ላይ እህል ሲሻሙ በነበሩ ሰዎች ላይ ትጮኽ በነበረው ድምፅ ጮኸች።

«ሳቁ! ይህ በሽታ ያለበትን ሰው ለውትድርና እንኳ አይፈልጉትም! ደሴ ምርመራ ላይ ሐኪሙ ያየዋል፣ ‹ሂድ፣ ተመለስ› ይለዋል። ጦሩ እንኳ የተጸየፈው ሰው ትሆናላችሁ!»

ሳቁ ቆመ። ከወንዶቹ በኩል አንዱ እጁን አወጣ፤ የሚያሾፍ ፊት አልነበረውም።

«እውነት ይመልሱታል ሲስተር?»

«በዓይኔ አይቻለሁ።»

ዝምታውን ድል አድርጋ ቆጠረችው። ሥዕሏን ጠቅልላ ወጣች፣ ያን ቀን ምሳዋን በደስታ በላች።

ያለችው ውሸት አልነበረም። ከዓመት በፊት ደሴ ምርመራ ላይ ሁለት ልጆች በጨብጥ ምክንያት ሲመለሱ አይታለች። ሁለቱም በመርፌ ታክመው በአስራ አምስተኛው ቀን እንደተወሰዱም ታውቃለች። ይህኛውን ግማሽ ግን አልተናገረችም። ለማስፈራሪያ አይሆንም ብላ ተወችው። አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጡት ወንዶች ግን ከአስራ ስምንት ዓመት በላይ ያለው ሁሉ፣ ስሙ ዝርዝር ላይ እስኪወጣ እየጠበቀ ነበር። መጋቢት ላይ ከሰሜን መጥፎ ወሬ ተሰማ፤ ምልመላውም ጠነከረ። ያኔ ሐምዲያ ያስተማረችው ሥራ ላይ ዋለ።

ልጁ ከመርፌ የሸሸ ዕለት ሐምዲያ ነጭ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቀበሌ ሄደች።

«ወጣቶቹን እንደገና ሰብስብልኝ» አለችው ኑርሁሴንን። «የተናገርኩትን ላስተካክል። የታመመውን ይመልሱታል ብያለሁ። አክመው እንደሚወስዱት አልነገርኳቸውም። ልጆቹ ሆን ብለው እየታመሙ ነው።»

ኑርሁሴን ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ጓዲት ሐምዲያ፣ ያን ቀን እኔ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ?»

«አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር።»

«የተናገርሽውን አልሰማሁም። ሪፖርቱም ‹ወጣቱ በንቃት ተከታትሏል› ይላል፣ አልፏል። አሁን እንደገና ሰብስቤያቸው አንቺ ስለ ምልመላ ብትናገሪ፣ ያን ጊዜ እሰማለሁ። ከሰማሁ ደግሞ እጽፋለሁ። ለምልመላ እንቅፋት የሆነ ሰው የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ።»

«ልጆቹ ይበላሻሉ።»

«ጨብጥ ይድናል። አንቺ ነሽ ያልሽው።»

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ለየብቻው መንገር ጀመረች። አክመው ይወስዱሃል፣ ዝም ብለህ ተወጋ። ልጆቹ አያምኗትም። አንደኛው በጣም አዘነላት፤ «አብሽሪ ሲስተር» አላት፣ «አስፈራርተውሽ መሆኑን እናውቃለን።» ያልተወጋ ወረቀት የለውም አለች። ወረቀት የሚጽፍ ሌላ ሰው አገኙ።

አልጣሽ ቤት የሄደችው ጠዋት ነው። አልጣሽ ከሾፌሮች ማደሪያው ፊት ለፊት ያለው መጠጥ ቤት ባለቤት ናት፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ የወርቅ ጥርስ ያላት የየጁ ሴት። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅለው ወለሉ ሲታጠብ ነበር።

«እሰይ ሲስተር! ደግሞ ማንን ልትወጊብኝ መጣሽ?»

«ልጆቹ ከዚህ ነው የሚይዙት። የታመመችዋን አምጪልኝ።»

አልጣሽ ባልዲውን አስቀመጠች። «ልንገርሽ አይደል? ድሮ የሚመጣው ወንድ ‹ንጹሕ ናት ወይ?› ነበር የሚለኝ። እኔም እምልለታለሁ። አሁን እነዚህ ጡጦ ያልጣሉ ልጆች ይመጡና ‹የታመመችው የትኛዋ ናት?› ይሉኛል። ጤነኞቹ ተኮልኩለው ሲያዛጉ ያመሻሉ፣ የታመመችዋ ደጅ ሰልፍ ነው! እኔ በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። እንዲህ ያለ ጉድ ግን አይቼ አላውቅም።»

«አንቺስ ዝም ትያለሽ?»

«ምን ልበል? አንቺ የሰበሰብሽልኝ ገበያ ነው እኮ።»

የታመመችው ልጅ ከኋላ ክፍል ወጣች። ከአስራ ሰባት አትበልጥም። ሳትጠየቅ ጀርባዋን ሰጠች፣ ሁለቱንም ወገን ስትወጋ አልጮኸችም። ሐምዲያ ለሁለት ሳምንት ማንም እንዳይነካት ስትነግራት፣ ልጅቷ ወደ አልጣሽ አየች። አልጣሽ ወለሉን ማጠብ ቀጠለች።

ጣይባ ከደሴ የመጣችው በሳምንቱ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት በአውቶብስ ወርዳ፣ ከጣቢያው በጋሪ፣ በጥቁር ሻርፕ ተከናንባ የሕክምና ክፍሉ በር ላይ ቆመች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። የቀረላት አንድ ልጇ በሺር ነው፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ማትሪክ ወድቆ የአያቱ ሱቅ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ። ሐምዲያ ልጅ የላትምና እሱን አዝላ አሳድጋዋለች፣ ኩፍኝ ሲይዘው አጠገቡ ያደረችው እሷ ናት።

«አሰላሙ ዓለይኪ።»

«ወዓለይኪ ሰላም፣ እታለም። ምነው፣ ደህና?»

«ስሙ ወጣ።»

ሐምዲያ በሩን ዘጋች።

«ምርመራው ግንቦት ሃያ ስምንት ነው» አለች ጣይባ። «ወረቀት ጻፊለት።»

«እታለም፣ በሺር እኮ አልታመመም።»

«የታመመ አድርገሽ ጻፊው።»

«ሐሰት አልጽፍም። ደሴ ላይ ልብሱን አስወልቀው ያዩታል። ጤነኛ ሆኖ ካገኙት ወረቀቱን ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ፣ እሱን ደግሞ ከሌላው አስቀድመው ይወስዱታል። ደግሞ ቢታመምስ? አክመው ነው የሚወስዱት። ወላሂ፣ አክመው ነው የሚወስዱት!»

ጣይባ ወደ እህቷ ቀረበች። «ለሰው ልጆች ሲሆን አዳራሽ ሙሉ ሰብስበሽ መውጫውን ትነግሪያቸዋለሽ። ደሴ ድረስ ተሰምቷል። ለእኔ ልጅ ሲሆን ሌላ ነገር ታመጫለሽ።»

«ያን ጊዜ ተሳስቻለሁ።»

«ሐሰት አልጽፍም ነው ያልሽው?»

«አልጽፍም።»

«እውነት ከሆነስ ትጽፊያለሽ?»

ሐምዲያ የእህቷን እልህ የምታውቀው መስሏት፣ ክርክር ለመጨረስ ያህል «እውነት ከሆነ እጽፋለሁ» አለች። ጣይባ ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። ሻይ ጠጪ ብትላትም አልተቀመጠችም።

ከአስር ቀን በኋላ በሺር መጣ። ተራውን ጠብቆ፣ ካርድ አውጥቶ፣ እንደማንኛውም በሽተኛ ገባ። ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም።

«አክስቴ፣ ይዞኛል።»

ሐምዲያ የገባት ወዲያው ነው። ማየት ግድ ነበርና አየችው። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሦስተኛ ቀኑ ነው። እውነተኛ ጨብጥ ነው።

«አንተ!» አለች። «አንተ ሶላት የሚያልፍህ ልጅ አልነበርክም! ማን መከረህ?»

ሱሪውን ታጠቀ።

«ማነው?»

«እማ ናት።»

«እማ ምን አለችህ?»

«‹ሂድ› አለችኝ። ‹ወንጀሉ በእኔ ይሁን፣ አላህ ፊት እኔ እጠየቅበታለሁ› አለችኝ። የአውቶብሱን ሰጠችኝ። ልጆቹ መጀመሪያ አልጣሽ ቤት ነበር የላኩኝ። ሁለት ቀን ተመላለስኩ። የታመመችዋ ድናለች አሉኝ፤ አንቺ ነሽ አሉ ያዳንሻት። ከዚያ ገበያው አጠገብ ሌላ ቤት አሳዩኝ።»

ሐምዲያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ፔኒሲሊኑ ተበጥብጧል፣ ሲሪንጁ ተቀቅሎ ጨርቁ ላይ ነው።

«ተኛ፣ ልውጋህ።»

«ከምርመራው በኋላ።»

«ምርመራው ገና አስራ አንድ ቀን ነው! ስማኝ፣ በሺር። ይሄ ነገር በአስራ አንድ ቀን ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። ፍሬህን ያሳብጠዋል። አባት ላትሆን ትችላለህ።»

«አክስቴ፣ የሞተም አባት አይሆንም።»

«አክመው ይወስዱሃል አልኩህ!»

«አምና የመለሷቸውን ልጆች ስንት ቀን ሰጧቸው?»

«አስራ አምስት።»

«የዚህ ዙር መኪና የሚሄደው በምርመራው ዕለት ነው ይላሉ። አስራ አምስት ቀን ከሰጡኝ መኪናው ሄደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ገራዶ ገጠር የአባቴ ዘመዶች አሉ፣ እዚያ እገባለሁ።»

ሐምዲያም ይህንኑ አስባው ነበር። ስታስበው እንደነበረ ያወቀችው እሱ ሲናገረው ነው። ሲሪንጁን አየች፣ ማኅተሙን አየች። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ሾፌሩንም፣ ወታደሩንም፣ ሌባውንም፣ የሰደባትንም ሳትወጋ አሳልፋ አታውቅም። ወረቀቱን ሳበችና ስሙን፣ ዕድሜውን፣ በሽታውን ጻፈች። አንድ የሐሰት ቃል የለበትም። ማኅተሙን አሳረፈችበት።

የተበጠበጠው ፔኒሲሊን ለሚቀጥለው በሽተኛ ሆነ።

ግንቦት ሃያ ስምንት ቀን ጠዋት ሐምዲያ ሥራዋን ትታ ደሴ ወጣች። ምርመራው የሚደረገው ከከተማው ጫፍ ባለ የመጋዘን ግቢ ውስጥ ነበር። እናቶች ከሽቦ አጥሩ ውጭ ቆመዋል። ጣይባ ከፊት ነበረች። እህቷን ስታይ እጇን ያዘችው፤ ብዙ ጊዜ ሆኗታል እንዲህ ከያዘቻት።

«ትናንት ትኩሳት ነበረው» አለቻት። «መራመድ አቅቶታል። ይሄስ ጥሩ ነው አይደል? በደንብ ይታያል አይደል?»

ግቢው ውስጥ ልጆቹ እግራቸውን ፈርከክ አድርገው ተሰልፈዋል። አንዳንዱ የምር ነው፣ አንዳንዱ አስመሳይ ነው። ሁሉም ወረቀቱን በእጁ ይዟል። ከባሕር ዛፉ ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ብልቃጥ በብልቃጥ ነው፣ አጠገቡ ምድጃ ላይ ሲሪንጅ ይንተከተካል። አንድ የጦሩ ሕክምና አስር አለቃ በእጁ ዱላ ይዞ ይጣራል።

«የኮምቦልቻ ልጆች በዚህ በኩል! የጨብጥ ወረቀት ያላችሁ ሁሉ፣ የኮምቦልቻም ሁኑ የደሴ፣ ከኮምቦልቻ ልጆች ጋር! ኧረ ምን ዓይነት አገር ነው? ከአንድ አውራጃ ይሄን ሁሉ ጨብጥ! ምን ትበላላችሁ እናንተ?»

የመጀመሪያዎቹን ልብሳቸውን አስወለቀ። አስመሳዮቹን በዱላው እየነካ ወደ መኪናው ሰደዳቸው። የበሺርን ወረቀት ሲያይ ግን ወደ ብርሃን አዙሮ አነበበው።

«ይሄ እንኳ ማኅተሙ ትክክለኛ ነው። በሽታውም ትክክለኛ ነው። ጥሩ፣ መጀመሪያ እሱን ውጉና ጫኑት።»

ጣይባ የሐምዲያን እጅ ለቀቀች።

ሐምዲያ በሩ ላይ ላለው ወታደር የጤና ጣቢያ መታወቂያዋን አሳይታ ገባች። አስር አለቃው ሲያያት ፊቱ በራ። ባቲ መጠለያ አብረው ሠርተዋል።

«ሲስተር ሐምዲያ! አላህ ነው ያመጣሽ! እጅ አጥሮኛል፣ ያለኝ ረዳት አንድ ነው፣ እሱም ሳይቀቅል ነው የሚወጋው።»

«ይሄ ልጅ ፍሬው አብጧል» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። «መተኛት አለበት። አስራ አምስት ቀን ስጠው። አምና ትሰጡ ነበር።»

«አምና አምና ነው። ከመጋቢት በኋላ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ሁለት መርፌ፣ ወደ መኪናው። መኪናው ላይ ይተኛል።» ከዚያ አያት። «ያንቺ ነው?»

«የእህቴ ልጅ ነው።»

አስር አለቃው ዱላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «አልቻልኩም፣ ሲስተር። ስማቸው ተቆጥሮ ነው የገቡት። ከፈለግሽ አንቺ ውጊው፣ እኔ ላደርግልሽ የምችለው ይሄን ብቻ ነው።»

ረዳቱ ሲሪንጁን ከአንዱ ልጅ ነቅሎ ሳያጥበው ሌላው ላይ ሲሰካ አየች። ቢወጋም ይሄዳል፣ ባይወጋም ይሄዳል። ካልተወጋ ግን በዚያ ትኩሳት ወደማታውቀው አገር ይሄዳል። ከድስቱ ውስጥ የተቀቀለውን መርጣ አወጣች፣ መድኃኒቱን ሳበች።

«ሱሪህን አውርድ።»

በሺር አወረደ። አልተከራከረም።

«ቀስ በይ፣ አክስቴ።»

ቢስሚላህ ብላ በግራ ወጋችው፣ በቀኝ ወጋችው። ሥራዋ ነው።

«ነገም መወጋት አለብህ። አስታውሳቸው። ሦስተኛ ቀንም። እንዳትተው።»

«ነገ የት ነው የምሆነው?»

አታውቅም ነበር። እሱም መልሱን አልጠበቀም፤ እግሩን ፈርከክ አድርጎ ወደ መኪናው ሄደ፣ ሁለት ልጆች ብብቱን ይዘው ከላይ ጎተቱት። ሐምዲያ እስከ ቀትር እዚያው ቆማ የቀሩትን ወጋች። ሠላሳ አራት ልጆች ናቸው። ብዙዎቹን ከአዳራሹ ታውቃቸዋለች። አንድም አልሸሸም።

ስትወጣ ጣይባ አጥሩ ሥር ቆማ አገኘቻት። የሽቦው ዝገት ሻርፗን አበላሽቶታል።

«አንቺ ነሽ የወጋሽው?»

«አዎ።»

«ይድናል?»

«መርፌውን ከጨረሰ ይድናል።»

ጣይባ አጠገቧ ወደቆመችው ወደማታውቃት ሴት ዞረች። በጣቷ ሐምዲያን አሳየቻት።

«እህቴ ናት» አለች። «እሷ ናት ልጄን አድና የላከችው።»

መኪናዎቹ በስምንት ሰዓት ወጡ።

በሺር የካቲት 1981 ሽሬ ላይ ሞተ። ለጣይባ መርዶው የተነገራት መስከረም 1984 ነው።